ጋዜጣ ያልቻለውን መጽሐፍ ሲሸከም፤ በዓሉ ግርማና ካፑሽቺንስኪ

የመንግሥት ጋዜጠኛ ሁልጊዜ ከሚጽፈው በላይ ያያል። ዝግ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ ከባለሥልጣናት ጋር በአንድ አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ጦር ግንባር ድረስ ይወርዳል። ለዜና የሚበቃው ግን ካየው ጥቂቱ ነው። የተረፈው አብዛኛውን ጊዜ ለቅርብ ወዳጅ ተወርቶ ይቀራል። ጥቂቶች ግን መጽሐፍ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር መወሰን ግድ ይሆንባቸዋል፤ አንደኛው ስለ ማን አገር እንደሚጽፉ፣ ሁለተኛው የጻፉትን ምን ብለው እንደሚጠሩት ነው። ውሳኔዎቹ ምን ያህል እንደሚከብዱ ለማየት በዓሉ ግርማንና ፖላንዳዊውን ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሁለቱም የሶሻሊስት መንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ስማቸው የገነነውም ከኢትዮጵያ አብዮት ጋር በተያያዘ መጽሐፍ ነው።

በዓሉ በ1930ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ኢሉባቦር ውስጥ ከህንዳዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። አዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ሁለተኛ ዲግሪውን ከአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አገኘ። መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል። ደርግ ሥልጣን ሲይዝም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር አልራቀም፤ እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በዓሉ ሥርዓቱን ከውጭ ሆኖ የሚታዘብ ሰው አልነበረም፤ የመንግሥት አንደበት በሆነው መሥሪያ ቤት ውስጥ ከቁልፍ ሰዎች አንዱ ነበር።

ልብ ወለዱ ከቢሮው ሥራ ጎን ለጎን ነው ያደገው። በ1962 ዓ.ም በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዙና በሥዕል ፍቅሩ መካከል ሲዋልል እናያለን። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ወደ አብዮቱ ያጋደለ ነው። «ደራሲው» ደግሞ ስለ በዓሉ አሠራር አንድ ነገር ያስረዳል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሲራክ የተባለው ገጸ ባሕርይ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መነሻነት የተቀረጸ መሆኑ የአደባባይ ምሥጢር ነው። በሕይወት ያለ ሰው ወስዶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ጠባዩን ሳይቀይር መሣል የበዓሉ የተለመደ ዘዴ ነበር። ጓደኛ ደራሲ ላይ ሲደረግ ይህ ጨዋታ ነው። ባለሥልጣን ላይ ሲደረግ ግን ሌላ ስም አለው።

በ1974 ዓ.ም ደርግ የኤርትራን ጦርነት በአንድ ዘመቻ ለመቋጨት «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ብሎ ተነሣ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አሥመራ ከተሙ፤ በዓሉም ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደዚያው ሄደ። ዘመቻው ዋና ዒላማው የነበረችውን ናቅፋን ሳይዝ ከሸፈ። ጋዜጣና ራዲዮ ሊሉት ያልቻሉትን ይህን ውድቀት «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም አወጣው። ባለታሪኩ ፀጋዬ ኃይለማርያም ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ ይሄዳል፤ አሥመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። የፍቅሩ ታሪክ አንባቢን ይዞ ይነጉዳል፤ የመጽሐፉ ጉልበት ግን ያለው በባለታሪኩ የሥራ ቦታ ላይ ነው። ፀጋዬ የድል ወሬ የሚያመርተው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ወሬው ከመሬት ካለው ነገር ጋር የት ላይ እንደሚለያይ ከማንም በፊት ያውቃል። ይህን ዓይነት ምስክርነት ሊሰጥ የሚችለው ከውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው። መጽሐፉን የጻፈው የበዓሉ ግርማ የደራሲነት ችሎታው ብቻ ሳይሆን ሹመቱም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ የታተመው የመንግሥት በሆነው በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እጅ የገባው ቅጂ በድብቅ ይዞር ጀመር። አንባቢ ገጸ ባሕርያቱን ከእውነተኛዎቹ ሹማምንት ጋር እያዛመደ እገሌ ነው፣ እገሌ ነው ሲል፣ ሹማምንቱም ራሳቸውን አገኙ። በዓሉ ከሥራ ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ካፑሽቺንስኪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በፒንስክ ነው፤ ከተማዋ ዛሬ በቤላሩስ ውስጥ ትገኛለች። በወጣትነቱ በ1955 የኖቫ ሁታ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞችን ጉስቁልና የሚያጋልጥ ጽሑፍ አውጥቶ መነጋገሪያ ሆነ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የፖላንድ ዜና አገልግሎት ወኪል ሆኖ አፍሪካን ዞረ፤ 27 አብዮቶችንና መፈንቅለ መንግሥቶችን አይቻለሁ ይል ነበር። እስከ 1981 ድረስ የገዥው ፓርቲ አባል ነበር። ለዜና አገልግሎቱ ደረቅ ዘገባ ይልካል፤ ሽታውንና ጭንቀቱን ለመጽሐፍ ያስቀምጣል። በ1978 የወጣው «ንጉሠ ነገሥቱ» የዚህ ልማድ ፍሬ ነው። መጽሐፉ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ መውረድ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በድብቅ ተገኙ የተባሉ የቤተ መንግሥት ሰዎች የሰጡት ቃል ሆኖ ቀርቧል። ተናጋሪዎቹ የሚታወቁት በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው።

ከነዚህ አንዱ የሚያወራው በዓለም ሁሉ ተደጋግሟል። የንጉሡ ውሻ ሉሉ በሥነ ሥርዓት መካከል ከጭናቸው ወርዳ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸናለች፤ መኳንንቱ ንቅንቅ አይሉም፤ ተናጋሪው ደግሞ ለአሥር ዓመት ሥራው በሳቲን ጨርቅ ያን ጫማ መጥረግ ነበር። ሉሉ የምትባል ውሻ በእርግጥ ነበረች። ጫማ ጠራጊውን ግን ማን አግኝቶ ይጠይቀው? በመጽሐፉ ውስጥ ንጉሡ የማያነቡ ሰው ተደርገው መሣላቸውም እንዲሁ ነው። በልጅነታቸው በፈረንሳይኛ የተማሩት፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያቋቋሙትና «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያሳተሙት ሰው ናቸው እንግዲህ የማያነቡት።

ይህ ሁሉ ፖላንድ ውስጥ ማንንም አላስጨነቀም፤ ምክንያቱም የፖላንድ አንባቢ መጽሐፉን ያነበበው ስለ ኢትዮጵያ አድርጎ አልነበረም። በኤድቫርድ ጌሬክ ዘመን ስለ ፓርቲው መሪና አጎብዳጆቹ በቀጥታ መጻፍ አይቻልም። ስለ ሩቅ አገር ዘውድ መጻፍ ግን ይቻላል፤ ሳንሱሩም የፊውዳል ንጉሥ ሲወገዝ ምን ብሎ ይከለክላል? እኛ ይህን አሠራር በሚገባ እናውቀዋለን፤ ሰምና ወርቅ ነው። ወርቁ ዋርሶ፣ ሰሙ አዲስ አበባ ነበር። ችግሩ የመጣው መጽሐፉ በ1983 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ነው። የውጭው አንባቢ ወርቁን ስለማያውቅ ሰሙን እንደ ታሪክ ወሰደው። የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪው ሀሮልድ ማርከስ በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ከመጽሐፉ ባልተናነሰ ገምጋሚዎቹን የወቀሱት ለዚህ ነው፤ ስለ አውሮፓ ቤተ መንግሥት ቢጻፍ ማስረጃ የሚጠይቁ ሰዎች ስለ አፍሪካ ሲሆን ያለ ጥያቄ አጨበጨቡ። በ2010 አርቱር ዶሞስዋቭስኪ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ደግሞ በደራሲው ሥራ ውስጥ የእውነትና የፈጠራ ድንበር የት እንደነበረ ፖላንዳውያንን ራሳቸውን አከራከረ።

አሁን ሁለቱን እናነጻጽር። ካፑሽቺንስኪ ፈጠራ የበዛበትን ሥራ በዘጋቢ ስሙ አቀረበ፤ በዓሉ ዘገባ የበዛበትን ሥራ ልብ ወለድ ብሎ አቀረበ። የመጀመሪያው ርቀት ነበረው፤ የተሣሉት ሰዎች ፖላንድኛ አያነቡም፣ ብዙዎቹም ሞተዋል ወይም ታስረዋል፤ ዋርሶ ሄዶ የሚከሰው አልነበረም። በዓሉ ርቀት አልነበረውም፤ የሣላቸው ሰዎች ያው ከተማ ውስጥ፣ ያው ሥልጣን ላይ ነበሩ፣ አማርኛም ያነባሉ። ሰሙ በጣም ስስ ስለነበር ልብ ወለድ የሚለው ስም አላዳነውም።

ይህ ካፑሽቺንስኪን ፈሪ፣ በዓሉን ቅዱስ አያደርግም። የፓርቲ አባል ሆኖ የፓርቲውን አመራር ቤተ መንግሥት አስመስሎ መሣል ድፍረት ይጠይቃል፤ በዓሉም ለዓመታት የሠራው ያንኑ በኋላ ያጋለጠውን ፕሮፓጋንዳ ነው። ልዩነቱ የሚለካው መጽሐፉ ማንን ተጠያቂ እንደሚያደርግ በማየት ነው። ልብ ወለድ የሚል ጽሑፍ አንባቢን አጣርተህ እመን ይለዋል። ዘገባ የሚል ጽሑፍ ግን አጣርቼልሃለሁ ይለዋል፤ ጋዜጠኛ ይህን ቃል ከሰጠ በኋላ ለውበት ሲል ሊያጥፈው አይገባም። የምስክሮችን ስም በፊደል መሸፈን ጥበቃ መሆን ያለበት ለምስክሮቹ እንጂ ለደራሲው ብዕር አይደለም።

«ኦሮማይ» ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ታትሟል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ለውጭ አገር አንባቢ ስለዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የሚጠቁሙት መጽሐፍ የጠፋባችሁ እንግዲህ ሰበብ የላችሁም። «ንጉሠ ነገሥቱ»ንም አንብቡት፤ ግን ከፖላንድ ታሪክ ጋር አስቀምጡት። የ1974 ዓ.ም አሥመራን ማወቅ የፈለገ ከልብ ወለዱ ይጀምር።