አክስቴ አልገዛም ያለችው አምባዛ
(በኮምፒውተር የውሃ ውስጥ እንስሳ እንዴት ይቀረጻል?)

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ‹ለ›

በዛሬው እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት በኮምፒውተር አሳ ስለመቅረጽ ነው። መሳል አላልኩም፣ መቅረጽ ነው ያልኩት። ልዩነቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

መቼም ልጅ ሆኖ በጭቃ በሬ ወይ ድስት ያልሰራ የለም። ጭቃውን እናድቦለቡላለን፣ እንጎትታለን፣ በጣታችን እንጫናለን፣ የተረፈውን ቆንጥረን እንጥላለን። በኮምፒውተር መቅረጽም ይኸው ነው። ጭቃው ስክሪኑ ውስጥ ነው፣ ጣታችን ደግሞ ማውሱ ነው። ስዕል አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። የተቀረጸ ነገር ግን ከላይም፣ ከታችም፣ ከኋላም እያዞርን እናየዋለን።

እኔ የምሰራበት ፕሮግራም ብሌንደር ይባላል። ያለው ታላቅ ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ነው። ብሌንደር በነጻ ነው፣ ነጻ የሆነበት ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። የጀመረው ቶን ሩዘንዳል የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ገንዘብ ያወጡበት ባለሀብቶች ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍት ለማድረግ 100,000 ዩሮ ጠየቁ። በ2002 እ.ኤ.አ. ከየአገሩ ያሉ ሰዎች አዋጥተው በ7 ሳምንት ብቻ ገንዘቡን ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አውርዶ ይጠቀምበታል።

አሁን ወደ አሳዬ ልመለስ። የመጀመሪያውን አሳ የሰራሁት ምንም ሳላይ፣ ከጭንቅላቴ ነው። አምባዛ ነበር። የባህር ዳር ልጅ ሆኜ አምባዛ ይጠፋኛል እንዴ ብዬ ነዋ! ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ትልልቅ ዓይን አደረግሁለት። ጅራቱን እንደ ሹካ ለሁለት ከፈልኩት። ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ድረስ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ቀረጽኩ። በጣም ስለኮራሁበት ለሳይንስ ሳምንት በትልቅ ወረቀት ታትሞ እንዲለጠፍ ለሳይንስ መምህራችን ነገርኳቸው። እሺም አሉኝ።

አክስቴ ገበያ ውስጥ አሳ ትሸጣለች። ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና፦

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

«አምባዛ ነዋ!»

«አምባዛ? ታዲያ ቅርፊቱን ማን ሰጠው? ስንቱ ሰው ‹አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ አልበላም› እያለኝ ጥሎ ይሄዳል፣ አንቺ ጭራሽ ቅርፊት አለበስሽው! ይሄን እኔ አልገዛም።»

ከጎኗ የነበሩት ሻጮች ሁሉ ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። የበለጠ ያናደደኝ ግን እውነቷን መሆኑ ነው። ቤት ሄጄ በደንብ ሳየው ቅርፊቱ የቆሮሶ፣ ጅራቱ የነጭ አሳ፣ ዓይኑ የካርቱን ነው። አምባዛን ስንት ጊዜ በልቼዋለሁ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም ማለት ነው። ለሳይንስ ሳምንት ደሞ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው እንደገና እንዴት እንደሰራሁት ነው። መሞከር የሚፈልግ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

1ኛ. መጀመሪያ ማየት

ኮምፒውተሩ አምባዛን አያውቀውም። ያዘዝነውን ብቻ ነው የሚሰራው። ስለዚህ ላፕቶፑን ዘግቼ፣ ማስመሪያና ደብተር ይዤ በጠዋት አክስቴ ጋ ሄድኩ። አምባዛው ሳፋ ውስጥ ነበር፣ በሕይወት። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር በቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ለዚህ ነው ከውሃ ወጥቶም ቶሎ የማይሞተው።

አክስቴ ይዛልኝ ለካሁት። ርዝመቱ 48 ሳ.ሜ. ሲሆን ጭንቅላቱ ብቻ 13 ሳ.ሜ. ነበር። ጣቴን ይዛ ጭንቅላቱን አስነካችኝ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ አጥንት ነው፣ ከላይ ጠፍጠፍ ያለ። ጎኑ ግን ሙልጭልጭ ያለ ቆዳ ነው። «የደረቱ ክንፍ እሾህ አለው፣ እጅሽን!» አለችኝ። ዓይኑ ትንሽዬ ናት። የጀርባው ክንፍ ረጅም ሆኖ ጅራቱ አጠገብ ይደርሳል። ጅራቱ ክብ ነው እንጂ ሹካ አይደለም። ጢሙን ቆጠርነው፣ 8 ነው። አምባዛ በደፈረሰ ውሃና በጨለማ ምግቡን የሚፈልገው በዚህ ጢሙ እየዳሰሰ ነው።

ደሞ ሳፋው ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ጭንቅላቱ አይታጠፍም፣ እንደ እባብ የሚተጣጠፈው ከደረቱ በኋላ ያለው ነው። በወንድሜ ስልክ ከጎን፣ ከላይና ከፊት ለፊት ፎቶ አነሳሁት። ፎቶዎቹን ብሌንደር ውስጥ አስገብቼ እነሱን እያየሁ መስራት ጀመርኩ።

2ኛ. መረቡን ማወቅ

ስራው የሚጀምረው ከአንድ ኳስ ነው። ኳሱ ሲቀርቡት የተሰራው ልክ እንደ አሳ አጥማጅ መረብ ከነጥብና ከነጥብ በተያያዙ መስመሮች ነው። ይህ ከገባችሁ ትልቁ ነገር ገባችሁ ማለት ነው። ትልልቅ ቀዳዳ ያለው መረብ ትንሽ አሳ አይዝም። በኮምፒውተርም እንደዚያው ነው፣ የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ትንንሽ ቅርጽ አይዝም። ኳሱን ጎትተን አሳ ስናስረዝመው መረቡ ይለጠጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ያኔ «ሪሜሽ» የሚለውን ስናዝ መረቡ እንደ አዲስ እኩል ሆኖ ይሰራል። ግን በጣም ካደቀቅነው ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል። የወንድሜ ላፕቶፕ እንዲያውም ቀጥ ብሎ ነበር የቆመው!

3ኛ. ትልቁን ቅርጽ አስቀድሞ፣ ትንሹን በመጨረሻ

እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት ከቅርፊት መጀመሬ ነው። ቤት ሳይሰራ መጋረጃ እንደ መስቀል ማለት ነው። ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፦

ሀ. «ሲሜትሪ» የሚለውን ማብራት። ያኔ በቀኝ የሰራነው በግራም እኩል ይሰራል።

ለ. «ግራብ» በሚባለው መሳሪያ እየጎተቱ ጠቅላላውን ቅርጽ ማውጣት። እኔ ጭንቅላቱን ጠፍጠፍ፣ ወገቡን ረዘም፣ ወደ ጅራቱ ከጎንና ከጎን ቀጠን አደረግሁት።

ሐ. «ክሌይ» በሚባለው ጭቃ እንደመለጠፍ ሥጋ መጨመር። ኮንትሮልን ተጭነን ከሰራን ይቀንሳል፣ ሺፍትን ተጭነን ከሰራን ያለሰልሳል።

መ. ለጢሙ «ስኔክ ሁክ» የሚባለውን መጠቀም። አያቴ ከጥጡ ፈትል ስባ እንደምታወጣው፣ እሱም ከአፉ ጫፍ ቀጭን ነገር ስቦ ያወጣል። ዓይኑ ግን ለብቻው የተሰራ ትንሽ ኳስ ቢሆን ይሻላል።

በየመሃሉ ሴቭ ማድረግ አትርሱ። እኔ ስድስት ጢም አውጥቼ ሰባተኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደሞ አይይዝም። ስድስቱም ጢም አብሮ ሄደ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። በማግስቱ ግን ስሰራቸው ግማሽ ጊዜ አልፈጀብኝም፣ ምክንያቱም እጄ ለምዶታል።

4ኛ. ቀለምና ውሃ

የአምባዛ ጀርባ ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ብዙ አሳዎች እንዲህ ናቸው፣ ምክንያትም አለው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ጠላት ጀርባው ከጨለማው ውሃ ጋር ይመሳሰላል። ከታች ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ሆዱ ከላይ ከሚመጣው ብርሃን ጋር ይመሳሰላል።

ለማብረቅረቅ «ራፍነስ» የሚባል ቁጥር አለ። ወደ 0 ሲጠጋ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ይደበዝዛል። እኔ ሳፋው አጠገብ እንዳየሁት በጣም አብረቀረቅሁት። ወንድሜ ግን «ይሄ ከውሃ የወጣ አሳ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እርጥብ ነገር እንደዚያ የሚያብለጨልጨው አየር ላይ ሲሆን ነው። ዙሪያውን ውሃ ሲሆን ያን ያህል አያንጸባርቅም። ስለዚህ ቀነስኩት።

ሌላው የውሃው መልክ ነው። በጠራ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ከብርሃን ቀለማት ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፣ ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚያ ነው። የኛ ጣና ግን በተለይ በክረምት ድፍርስ ነው። ሰማያዊ ባደርገው ኖሮ አምባዛዬን ሌላ አገር ወስጄው ነበር! ቡናማና አረንጓዴ ቀላቅዬ፣ ራቅ ያለው እንዲደበዝዝ አድርጌ፣ ብርሃኑን ከላይ አመጣሁ።

ትልልቆቹ ባለሙያዎችም የሚጀምሩት ከማየትና ከመጠየቅ ነው። ፒክሳር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ፋይንዲንግ ኒሞ» ሲሰራ፣ አዳም ሰመርስ የሚባል የአሳ ተመራማሪ ለሰዓሊዎቹ ስለ አሳ አካልና አዋዋኝ አስተምሯቸዋል። እነሱ ተመራማሪ ነበራቸው፣ እኔ አክስቴ አለችኝ።

ከሳይንስ ሳምንት በፊት ባለው ዓርብ ላፕቶፑን ይዤ እንደገና ገበያ ሄድኩ። ልቤ ድው ድው ይል ነበር። አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ጎንበስ አለች። ምንም ሳትናገር በጣቷ ስክሪኑ ላይ ጢሙን መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስምንት ደረሰች። ከዚያ ቀና አለችና፦

«ስንት ነው ዋጋው?» አለችኝ።

አሁን የለጠፍነው አምባዛ ይህ ነው። ቀጥሎ ልሰራ ያሰብኩት ነጭ አሳን ነው። ጣና ውስጥ ከ10 በላይ የሆኑ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ በመረብ ስለሚያዙ ቁጥራቸው ቀንሷል። አክስቴም ድሮ በየቀኑ ይመጣላት የነበረው ዛሬ አልፎ አልፎ እንደሆነ ነግራኛለች። ስለዚህ እነሱን ሳፋ ውስጥ እያሉ ቶሎ ልያቸው እፈልጋለሁ።

ኮምፒውተር የለኝም የምትሉ፣ ጭቃ አለ። ቤታችሁ አሳ ሲመጣ ከመጠበሱ በፊት አንድ ጊዜ ለኩት፣ ክንፉን ቁጠሩት፣ በጭቃ ስሩትና ወደ ክበባችን አምጡት። እኛም በሚቀጥለው እትም የማን እንደሆነ ጽፈን እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!