ጽሑፍና ባይት፦ ስለ ሁለት ትእዛዛት ስያሜ
ኮምፒውተር ፊደልን እንዳለ አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ባይት የተባሉትን ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮች ነው። «ሰላም» የሚለው ቃል በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ሲጻፍ ፊደላቱ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 9 ባይት ይወስዳሉ።

በፓይተን ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ባይት የሚለውጠው ትእዛዝ «ኢንኮድ»፣ ባይትን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው «ዲኮድ» ይባላል። በፓይተን 2 ሁለቱም ትእዛዛት በጽሑፍም በባይትም ላይ ይሠሩ ስለ ነበር አቅጣጫው ያደናግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ለጽሑፍ ኢንኮድን፣ ለባይት ዲኮድን ብቻ አስቀረ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው።

ጃቫ ግን «ጌትባይትስ» ይላል፤ «ባይቶቹን ስጠኝ» እንደ ማለት ነው። ስያሜው የሚወጣውን ነገር እንጂ የሚወጣበትን ሥርዓት አይናገርም። ሥርዓቱ ካልተጠቀሰ፣ ከጃቫ 18 በፊት የነበሩት እትሞች የኮምፒውተሩን ልማድ ይከተላሉ፤ ያ ልማድ የግዕዝን ፊደል የማያውቅ ከሆነ በመዝገብ ያለ የአንዲት ተረጂ እናት ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባይቱ ሳይነካ በተሳሳተ ሥርዓት የተነበበ ጽሑፍ እንደ ገና በትክክል ሊነበብ ይችላል፤ በጥያቄ ምልክት የተተካው ስም ግን ከዚያ ፋይል ፈጽሞ አይገኝም። የተረጂዎችን መዝገብ የሚያሠሩ ክፍሎች ሥራውን ከመረከባቸው በፊት ባለሙያውን «ዩቲኤፍ-8 ተብሎ በግልጽ ተጽፏልን?» ብለው ይጠይቁ።