ላረጀች ቮልስዋገን ሞተር ስለ መምረጥ

ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ዕቃ በየቤቱ ልዩ ልዩ ነው። በአንዱ ቤት ጋሻና ጐራዴ፥ በሌላው የብራና መጽሐፍ፥ በሌላውም የወርቅ ጌጥ ይገኛል። በአዲስ አበባ ግን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከነዚህ ጋር የምትቈጠር አንዲት ትንሽ ኦቶሞቢል አለች፤ እርስዋም ሕዝቡ ቮልስ ብሎ የሚጠራት ቮልስዋገን ናት። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከሥልጣን በወረዱበት ቀን፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህች ዐይነት መኪና እንደ ነበረ ይታወቃል። የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ሞተር ነው።

አንድ ወዳጃችን አባቱ ካረፉ በኋላ 11 ዓመት በግቢ የቆመችውን መኪና ለማስነሣት አስቦ ምክር ጠየቀን። እኛም ብዕርን እንጂ መፍቻን የለመድን ስላይደለን፥ አብረነው ወደ ባለሙያ ሄድን። መኪናይቱ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 የተሠራች፥ ሞተርዋ 1200 የሚባለው ባለ 34 የፈረስ ጕልበት፥ መብራትዋም የ6 ቮልት ነው። ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር አለ። በተፈታም ጊዜ የሞተሩ ዋና ቤት፥ ከማግኒዚየም ቅልቅል የሚሠራው፥ ተሰንጥቆ ተገኘ። በዕድሜ ጠና ያሉት ባለሙያ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰው፥ «ልጄ፥ ይኸ አይበየድልህም፤ ቢበየድም አያምንህም» አሉት።

ስለዚህ ሌላ ሞተር መፈለግ ግድ ሆነ። የቤተሰቡም ክርክር ከዚህ ጀመረ።

በአሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድም 1600 የተባለው ባለ 50 የፈረስ ጕልበት ሞተር ይግባ፥ የጐደለውንም ዕቃ እኔ ከዚህ እልካለሁ አለ። እኅታቸው ደግሞ፥ ቤንዚን መጠበቅ ይቅርብን፥ የኤሌክትሪክ ሞተር እናግባባት አለች። ወዳጃችን የቀድሞው ዐይነት ሞተር ይገኝ እንደ ሆነ እርሱን ይመርጥ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን ለማሸነፍ የሚበቃ ቃል አጣ። እናታቸው ስለ ፈረስ ጕልበት አንዳች አልተናገሩም። «አባታችሁ ማታ ሲገባ ከበሩ ሳይደርስ ድምፅዋን እሰማ ነበር። ያ ድምፅ ከሌለ መኪናይቱን ምን አደርጋታለሁ?» አሉ።

የታናሽ ወንድሙ አሳብ የሚናቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና፥ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ማንኛውም አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ከኀይሉ ሩብ የሚያህለውን ያጣል። በፋብሪካው ወረቀት 34 ተብሎ የተጻፈው የፈረስ ጕልበት በከተማችን 26 ያህል ነው ማለት ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ቮልስ ነድቶ ያን ዳገት የወጣ ሰው ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል። ከዚህም በቀር በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1970 በኋላ በተሠሩት የ1600 ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከቀድሞው ስፍራው ተዛውሮ ለብቻው አየር እንዲያገኝ ሆኗል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ማቀዝቀዣው በ3ኛው ሲሊንደር አናት ላይ ቆሞ የሚደርሰውን አየር ስለሚጋርደው፥ ብዙ ጊዜ ባልቦላው ተቃጥሎ የሚገኘው የዚሁ ሲሊንደር ነው። ይህ የ1600 ሞተር እውነተኛ ብልጫ ነው።

ነገር ግን ሞተር ብቻውን አይሄድም። ከሞተሩ በስተጀርባ ያለው ቮላኖ የሚባለው ከባድ መንኰራኵር በ6 ቮልቱ 109 ጥርስ፥ በ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ትልቁ ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ ቤት ውስጥ ይነካካል፤ ስለዚህ የካምቢዮው ቤት ውስጡ ተሞርዶ፥ ፍሪሲዮኑም ሞተሪኖውም ለአዲሱ ቮላኖ እንዲስማሙ ሆነው መዘጋጀት አለባቸው፤ ከዚያም አምፑሉ፥ የዝናብ መጥረጊያውና ዲናሞው ሁሉ ወደ 12 ቮልት ይዞራል። ፍሬኑስ? ፋብሪካው ራሱ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ባለ 44 የፈረስ ጕልበቱን 1500 ባወጣ ጊዜ በኤውሮፓ ለሚሸጠው ከፊት የዲስክ ፍሬን ሰጥቶታል። የሠራት ሰው ኀይል ሲጨምር ፍሬን ከጨመረ፥ እኛ ፍሬኑን ትተን ኀይሉን ብቻ የምንወስድበት ምክንያት አይታየንም። ባለሙያው ወጪውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲቈጥሩ ወዳጃችን በወረቀት ይጽፍ ነበር፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ።

የእኅታቸውን አሳብ ዘመኑ ይደግፈዋል። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። ቮልስዋገን ኩባንያም ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 አንዲት አሮጌ ክፍት ቮልስ በ60 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሞተር አሠርቶ በፍራንክፉርት ትርኢት አሳይቷል፤ በአንድ ሙሊት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ተብሏል። ሥራው ድንቅ ነው። ሆኖም ከነባትሪዋ 1,280 ኪሎ ትመዝናለች፤ ይህም ከወዳጃችን መኪና በ500 ኪሎ ያህል ይበልጣልና ፍሬኗና ተሸካሚዋ ሁሉ መጠናከር አለበት። ድምፅም የላትም። እኅታቸው ይህን በሰማች ጊዜ እናትዋን አይታ ዝም አለች።

እንግዲህ የቀረው ያው 1200 ሞተር፥ ግን ደኅናው ነው። ይህን ለማግኘት ወደ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ ወረድን። በዚያ ሞተር ሻጭ ሁሉ አንድ ዐይነት ቃል አለው፦ ሞተሩ ከአንዲት አሮጊት መኪና የወጣ ነው፥ አሮጊቲቱም ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም ነበር። ባየናቸው አምስት ሞተሮች አምስት አሮጊቶች ተነገሩን።

ባለሙያው ግን ወሬውን አልሰሙም፤ ቀለሙንም አላዩም፤ እንዲያውም አዲስ ቀለም የተቀባውን ቀድመው ተዉት። ከሁሉ በፊት ቀበቶው የሚዞርበትን መንኰራኵር በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውስጥ ገፉት፥ ወደ ውጭም ሳቡት። ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊንቀሳቀስ የተፈቀደለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህን ዐይን አያየውም። መንቀሳቀሱ በእጅ ከተሰማና ኳ ካለ ግን የሞተሩ ቤት ተበልቷልና መግዛት አይገባም። ሦስቱ በዚህ ወደቁ። በአራተኛው ካንዴላዎቹን አውልቀው የእያንዳንዱን ሲሊንደር እፍኝ፥ ማለት አየር የመጭመቅ ኀይሉን ለኩ፤ 3ኛው ከሌሎቹ በጣም አንሶ ተገኘ። አምስተኛው አቧራ የጠጣ፥ ዘይት የተጋገረበት፥ የ6 ቮልት ቮላኖው ያልተነካ፥ ሻጩም ያላመሰገነው ነበር። እርሱን መረጡ።

እኛ ግን በዚህ ስፍራ ከሥራችን የተማርነውን ልናክል ወደድን። የሞተሩ ቍጥር ከዲናሞው መቀመጫ በታች ተቀርጿል። ይህ ቍጥር በሊብሬው ላይ ስለሚጻፍ፥ ሞተር የለወጠ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቶ አዲሱን ማስመዝገብ አለበት። ሻጩም ሞተሩን ከየት እንዳገኘ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ፤ ቍጥሩ የተፋቀ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልል። መኪናይቱም የውርስ ንብረት ስትሆን የወራሾች ሁሉ ፈቃድ በፊርማ ቢያዝ መልካም ነው። ወዳጃችን ሞተር ለመለወጥ የእኅቱንና የወንድሙን ፊርማ ስንጠይቀው ስቆ ነበር፤ ኋላ ግን ወንድሙ በስልክ ባጕረመረመ ጊዜ ወረቀቱ ጠቀመው።

ሞተሩ ተፈትቶ ታጥቦ ፒስተኑና ባልቦላው ከታደሰ በኋላ፥ የሚያያዘው በ4 ብሎን ስለ ሆነ፥ መግባቱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። የዘገየው በትንንሽ ነገር ነው። ብዙ ጋራዦች በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን የቈርቈሮ መጋረጃዎችና የጐማ ማሸጊያዎች ትርፍ መስለዋቸው ይጥሏቸዋል። ይህ ሞተር ግን ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በ2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። መጋረጃው ከጐደለ ከሥር የሚወጣውን የጋለ አየር መልሶ ይስባል። ባለሙያው የጐደለውን አንድ ቈርቈሮ ለማግኘት አራት ቀን አስጠበቁን። በካርቡራተሩም ውስጥ ያለችውን የቤንዚን መውረጃ ቀዳዳ ባነሰች ለወጧት፤ ለባሕር ወለል የተበጀችው በዚህ ከፍታ ቤንዚን ታበዛለችና።

የተሰነጠቀው የቀድሞው የሞተር ቤት አልተጣለም። ታጥቦ፥ ዘይት ተቀብቶ፥ ከነቍጥሩ በደረጃው ሥር ተቀምጧል።

መኪናይቱ ወደ ግቢ በተመለሰችበት ማታ እናትዬዋ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከበሩ ሳትደርስ ድምፅዋ ተሰማ። ቆመው ጥቂት አዳመጡና፥ «እርስዋ ናት፤ ግን ትቸኩላለች» አሉ። ባለሙያውም የኋላውን ክዳን ከፍተው፥ የካርቡራተሩን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያህል አላሉት፤ ወደ በረንዳውም ዞረው፥ «አሁንስ፥ እመቤቴ?» ብለው ጠየቁ።