አራቱ የኬሚካዊ አፀግብሮት ዓይነቶች በአሲዳማ አፈርና በኖራ ሲፈተሹ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ኬሚካዊ አፀግብሮቶች በአራት መደቦች ይከፈላሉ፤ እነርሱም ውህደት፣ ፍርሰት፣ ነጠላ መተካት እና ድርብ መተካት ናቸው። ይህ አመዳደብ መነሻ የሚያደርገው የእኩልታውን ቅርጽ፣ ማለትም የትኛው አካል ከየት ተነሥቶ ከማን ጋር እንደተጣመረ ነው። አፀግብሮቱ ለምን እንደሚካሄድ ግን አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት በምዕራብ ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች በሚታወቀው የአፈር አሲዳማነትና በማከሚያው በኖራ አማካኝነት ማሳየት ነው።

የግንደ በረት ወረዳ ከተማ የሆነችው ካቺሲ ከዓባይ ሸለቆ በስተደቡብ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በዓባይ ሸለቆ ገደላገደል የኖራ ድንጋይና የጂፕሰም ንጣፎች ተጋልጠው ይታያሉ። የመጀመሪያው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ሁለተኛው ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሁለቱም ካልሲየም ይዘው ሳለ የማሳን አሲዳማነት የሚያርመው የኖራ ድንጋዩ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

አስቀድመን የኖራን ጉዞ እንከተል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለያያል። ይህ ፍርሰት ነው፤ በሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥም ይኸው ይካሄዳል። ከ100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት 56 ኪሎ ግራም ኦክሳይድ ይቀራል፤ 44 ኪሎ ግራሙ በጋዝ መልክ ይወጣል። ኦክሳይዱ ውሃ ሲጨመርበት ሙቀት እየሰጠ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ ይህ ውህደት ነው። የ56 ኪሎ ግራሙ ኦክሳይድ አሲድ የማርከስ ዐቅም ከ100 ኪሎ ግራሙ ካርቦኔት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሄክታር የሚታዘዘው የኖራ መጠን የኖራውን ዓይነት ሳይገልጽ ትርጉም የለውም።

የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ ካልሲየሙ በሸክላ አፈር ቅንጣቶች ላይ የተያዙትን ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይተካል። እኩልታው ድርብ መተካት ይመስላል። ነገር ግን የሚፈጠረው ካርቦኒክ አሲድ ወዲያው ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል፤ ጋዙም ያመልጣል። ፒኤች ከ5.5 በላይ ሲደርስ ደግሞ አብዛኛው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ስለሚዘቅጥ የሰብልን ሥር መጉዳቱ ይቀንሳል።

ለጂፕሰምም በወረቀት ላይ ተመሳሳይ እኩልታ መጻፍ ይቻላል። ልዩነቱ በውጤቱ ላይ ነው፤ ሰልፌት የሃይድሮጂን አዮንን አጥብቆ ስለማይዝ አሲዱ በአፈሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጂፕሰም የታችኛውን አፈር የአሉሚኒየም መርዛማነት ሊያቃልል ቢችልም ፒኤችን ከፍ አያደርግም። በሌላ አነጋገር አሲዱን የሚያረክሰው ካርቦኔቱ እንጂ ካልሲየሙ አይደለም። አመዳደቡ ግን ሁለቱን በአንድ መደብ ያስቀምጣቸዋል።

ከአራቱ መደቦች በአንዱም በአግባቡ የማይገባ አፀግብሮትም በዚያው ማሳ ይካሄዳል። ከዩሪያ የሚገኘውን አሞኒየም የአፈር ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ወደ ናይትሬት ሲለውጡት ከእያንዳንዱ አሞኒየም ሁለት የሃይድሮጂን አዮኖች ይለቀቃሉ። ይህ የኤሌክትሮን ዝውውር የሚታይበት የኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን አፀግብሮት ሲሆን ለአሲዳማነት መባባስ አንዱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው ምርት በሚጨምርበት ማሳ ላይ የኖራ ፍላጎቱም አብሮ ሊያድግ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት አራቱ መደቦች እኩልታ ለመጻፍና ለማስተካከል ጠቃሚ መለማመጃ ሆነው እንዲቀጥሉ፣ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ምሳሌ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች እንዲከተሉ ሐሳብ ይቀርባል፤ ኤሌክትሮን ተዛውሯልን? የሃይድሮጂን አዮን ከማን ወደ ማን ሄደ? ጋዝ፣ ዝቃጭ ወይም ውሃ በመሆን ከአፀግብሮቱ የወጣው ምንድን ነው? በእነዚህ ጥያቄዎች የተለማመደ ተማሪ ነገ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ገበሬ ፊት ሲቆም ኖራንና ጂፕሰምን አንዱን በሌላው አይተካም።