የቲማቲም ዘር ከራስ ጓሮ

በካኩማ የምትኖሩ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች። በሬዲዮ ያቀረብነውን ትምህርት ያልሰማችሁ እንድታነቡት፣ የሰማችሁም እንዳትረሱት እነሆ በወረቀት አቅርበነዋል።

ቤት ለቤት ስዞር እናቶች «ቲማቲም ለመግዛት ከራሽኑ ላይ ዱቄት እንሸጣለን» ይሉኛል። ታዲያ ቲማቲም ቅንጦት ነው? አይደለም። በማሽላና በቦሎቄ ውስጥ ደም የሚሠራ የብረት ማዕድን አለ፤ ሆኖም ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። በዚያው ማዕድ ላይ ቫይታሚን ሲ ያለው ምግብ ከተጨመረ ግን የበለጠ ይወስዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ በሱዳንና በሶማሊያ ካምፖች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስከርቪ የሚባል በሽታ ታይቶ ነበር። ድድ ያደማል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል። ምክንያቱ የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው፤ ራሽን ብቻ ሲበላ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ አይገኝም።

አሁን ወደ ዘሩ እንሂድ። በፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለበት ድቅል ዘር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ያፈራል፤ ከፍሬው ዘር ወስዳችሁ ብትዘሩ ግን ልጁ እናቱን አይመስልም። እኔ የነርስነት ዲፕሎማ እንጂ የእርሻ ትምህርት የለኝምና ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው፤ አንዱ ችግኝ ትልቅ፣ ሌላው ጠጠር የሚያክል ፍሬ ሰጠኝ። እንደ ካል ጄ፣ መኒሜከርና ማርግሎብ ያሉት ነባር ዝርያዎች ግን ዘራቸው ከዓመት ዓመት ያንኑ ይመልሳል። ነባር ዝርያ የሚያበቅል ጎረቤት ካላችሁ አንድ የበሰለ ፍሬ ለምኑ። አንድ ፍሬ ለዓመት የሚበቃ ዘር አለው።

ጤነኛ ከሆነና ደህና ካፈራ ተክል በደንብ የቀላ ፍሬ ምረጡ። ዘሩን ከነውሃው በኩባያ ጨምቁት፣ ዝንብ እንዳይገባ በጨርቅ ሸፍኑትና ከ2 እስከ 3 ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። ይሸታል፣ ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ ዘሩን የሸፈነው ሙልጭልጭ ነገር እየሟሟ ነው። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ግን እዚያው ሊበቅል ይችላል። በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ የሚንሳፈፈውን ድፉ፣ የዘቀጠውን ሳህን ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁ። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። በፖስታ አድርጋችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ብታስቀምጡት 3 እና 4 ዓመት ይቆያል።

ስትዘሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አልብሱት። ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል። ስንዝር ሲያክል፣ አመሻሽ ላይ፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ወደ ተሞላ ጆንያ አዛውሩት፤ ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ከግንዱ ተጨማሪ ሥር ያወጣል። ፍሬው ከ2 እስከ 3 ወር ይፈልጋል። የኛ አገር ፀሐይ ግን ጠላቱ ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል። ስለዚህ ከቀትር ጀምሮ በአሮጌ ጆንያ አጥሉለት። አጎበሩን ግን ለመኝታ ተዉት!

ውሃ አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሦስት ቀን ማስጠማት አይሆንም፤ ፍሬው ከታች ጠቁሮ የሚበሰብሰው በአብዛኛው ለዚህ ነው። በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ አጠጡ። ዕቃ ያለቀለቃችሁበት ውሃ ይሆናል፤ ሳሙና የበዛበትና የሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ግን አይሆንም። ከሥሩ እንጂ ቅጠሉና ፍሬው ላይ አታፍስሱ። ፍሬውንም ከመብላታችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ወጥ ስትሠሩ ግማሹን ከሽንኩርቱና ከዘይቱ ጋር አብስሉ፣ ለጣዕሙ። ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚቀንስ የቀረውን ቆራርጣችሁ ቦሎቄው ከወረደ በኋላ ጨምሩ፣ ወይም በቃሪያ ሰላጣ አድርጉት። ሻይ ብረቱን ስለሚይዘው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ሻይ ለለመደ ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

አንዲት እናት «ቲማቲም ከበላሁ የደም ኪኒኑን ልተው?» ብለው ጠይቀውናል። አይተዉት፣ እናቴ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ሁሉ ከክሊኒክ የተሰጣችሁን ኪኒን ሳታቋርጡ ዋጡ። ልብ የሚመታባችሁ፣ የሚያዞራችሁ ወይም ዓይናችሁና ጥፍራችሁ የነጣ ከሆነ ፍሬው እስኪቀላ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ክሊኒክ ኑ።