ከእንቅርት ጀርባ የተሸሸጉት አራቱ

ደባርቅ ወይም ዳባት ገበያ ላይ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጠም ያደረገች እናት ስታዩ ብርዱ ብቻ አይምሰላችሁ፤ እንቅርት ልትሸሽግም ትችላለች። እንቅርትን ደገኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ተብሎም ተተርቶበታል። አብጦ እንቅርት ከሚሆነው ዕጢ፣ ከታይሮይድ፣ ጀርባ የተለጠፉትን ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ግን ማን ያውቃቸዋል? ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው፤ መጠናቸው የምስር ፍሬ ቢያህል ነው። ሥራቸው የደምን ካልሲየም መቆጣጠር ነው።

አንዷ አብጣ ሆርሞኗን ከልክ በላይ ስትረጭ ካልሲየሙን ከአጥንት እየመዘዘች ደም ውስጥ ትጨምረዋለች። አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል፣ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይከፋዋል። ጠጠሩ ወጣ ሲባል ይመለሳል። አንገት ላይ ግን ምንም አይታይም።

ፍቱን መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። ጭንቁ ዕጢዋን ማግኘት ነው። አሜሪካዊው የመርከብ ካፒቴን ቻርልስ ማርቴል አንገቱን ስድስት ጊዜ ተቀዶ ዕጢዋ ጠፋች። ቁመቱ እያጠረ፣ አጥንቱ እየተሰበረ ቆይቶ በሰባተኛው፣ በ1932 እ.ኤ.አ.፣ ደረቱ ውስጥ ተገኘች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ሞተ።

ዛሬ ከቢላ በፊት ምስል ይቀድማል። መጀመሪያ አልትራሳውንድ። ቀጥሎ ሴስታሚቢ የሚባል፣ ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥና አንገትና ደረት ወዲያው፣ ከዚያም ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ይነሳል። ታይሮይዱ መድኃኒቱን ቶሎ ይለቃል፤ የታመመችው ዕጢ ይዛው ትቆያለች፤ በሁለተኛው ምስል ላይ እንደ ፍም ነጥብ ትቀራለች። አልትራሳውንዱና የሴስታሚቢው ምስል ከተስማሙ ቀዶ ሐኪሙ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀዶ እሷን ያወጣል። ሆርሞኑ ከደም የሚጠፋው በደቂቃዎች ስለሆነ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ የተቀዳ ደም በግማሽ መውረዱን ካሳየ ትክክለኛዋ ወጥታለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የደገኛው ጣጣ። ጓጓላ እንቅርት ራሱ መድኃኒቱን ሊይዝ፣ ምስሉንም ሊያሳስት ይችላል። በእንቅርት አገር የተነሳ ምስል ሊማሊሞን በጉም እንደ መንዳት ነው፤ ልምድ ያለው ሾፌር ይፈልጋል። ምስሉ ካልተጨበጠ አራቱንም ገልጦ ማየት ግድ ይሆናል። በሽታውን የሚመሰክረውም ምስል ሳይሆን ደም ነው፤ ምስል የሚያሳየው ቦታዋን ነው።

የኩላሊት ጠጠር እየተመላለሰ ካስቸገራችሁ ወይም አጥንታችሁ በትንሽ ነገር ከተሰበረ፣ ጎንደር ስትወርዱ ሐኪማችሁን «ካልሲየሜም ይታይልኝ» በሉት።