«መጠባበቂያ» ወይስ «ተቀማጭ ቅጂ»? በቤት ሰርቨር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሐተታ

የቤት ሰርቨር ማለት ጽሑፍን፣ ድምፅንና ሥዕልን በአንድ ስፍራ አከማችቶ በቤቱ ላሉት ኮምፒውተሮችና ስልኮች በመረብ አማካይነት የሚያቀርብ፣ ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። የቃላት ካርድ የሚሰበስብ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ የዓመታት ትርጉሙን የሚያኖር ተርጓሚ ይህን መሣሪያ ቢያቋቁም ይጠቀማል። ስለ አመራረጡና ስለ አተካከሉ በአማርኛ የሚጻፈው መመሪያ ግን የሚሠራባቸው ቃላት ገና አልተጣሩም። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚተከል እየገለጽን በየደረጃው የሚያጋጥሙትን ስያሜዎች እንመረምራለን። ከሁሉ አብልጠን የምናተኩረው ግን «መጠባበቂያ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ለዚህ ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ አነስተኛ ሰርቨር መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። መሣሪያው ሁለት ዲስኮች ነበሩት፤ በአንደኛው የተጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሁለተኛውም ይጻፋል። ሁለተኛውን ዲስክ «መጠባበቂያ» አልሁት። ጥቂት ገጾች ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር፣ ይኸውም በየጊዜው ተቀድቶ ለብቻው የሚቀመጥ ቅጂ ተጠቀሰ፤ እርሱንም «መጠባበቂያ» ብዬ አለፍሁ። መመሪያውን አንብበው ከተጠቀሙበት ሰዎች መካከል በጡረታ ላይ የነበሩ አንድ የአማርኛ መምህር ይገኙባቸዋል። ከመንዝና ከወሎ ገበሬዎች አፍ የለቀሟቸውን የእርሻና የከብት ርቢ ቃላት በዚሁ መሣሪያ ያኖሩ ነበር። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ቦታ ለማስለቀቅ ሲያጸዳ አቃፊውን በስሕተት ሰረዘው፤ ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ጠፋ። መምህሩ ደውለው፣ «ልጄ፣ አንተው አይደለህ እንዴ መጠባበቂያ አለው ብለህ የጻፍኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በካርድ የነበረው ተረፈ፤ በቀጥታ በኮምፒውተር የጻፉት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ ቃሉን እንመልከት። «መጠባበቂያ» የወጣው «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ መቆየትንም ከጉዳት መከላከልንም ያመለክታል። «ተጠባበቀ» ሲሆን ግን የመጀመሪያው ፍች ያይላል፤ ተራውን እያየ ቆየ ማለት ይሆናል። መጠባበቂያ በጀት፣ መጠባበቂያ ጀነሬተር፣ ተጠባባቂ ተጫዋች ስንል በሦስቱም ውስጥ ያለው ጽንሰ ሐሳብ አንድ ነው፤ ዋናው ሲጎድል፣ ሲቆም ወይም ሲደክም በቦታው የሚተካ ማለታችን ነው። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሣል እንጂ የትናንቱን መብራት አይመልስም። ስለዚህ ቃሉ ለሁለተኛው ዲስክ ይስማማል፤ ያለፈውን ሁኔታ ጠብቆ ለሚያቆየው ቅጂ ግን አይስማማም። ባለሙያዎቹ በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ይህን ቅጂ «ባክአፕ» ይሉታል፤ የውሰት ቃል ቢሆንም ቢያንስ ከሌላ ነገር ጋር አያምታታም።

ዲስኮችን አጣምሮ የማሠራቱ ዘዴ «ሬይድ» የሚለውን ስሙን ያገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ስሙ የአራት ቃላት ምኅጻር ሲሆን፣ አንደኛው ቃል በመጀመሪያ «ርካሽ» ማለት ነበር፤ ኋላ ግን «ራሱን የቻለ» በሚል ተተካ። በዚያን ጊዜ ቃል በቃል የተረጐመ ሰው ቢኖር ኖሮ ርካሽነቱን ይዞ ይቀር ነበር። እኛ በተግባሩ «የዲስኮች ጥምረት» ብንለው ይሻላል።

የጥምረቱ አንደኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ የሚሰየመው በመስተዋት ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ምሳሌው አላማራቸውም፤ «መንታ» የሚለውን ይመርጣሉ። ለዲስኩ መሰበር «መንታ» እውነተኛ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው በሕይወት ይቀራልና። ለጽሑፉ መሰረዝ ግን መስተዋቱ ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ ከፊቱ የቆመው ዞር ሲል ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ሁለቱን ለማስታረቅ ዲስኩን «መንታ ዲስክ»፣ ሥራውን ደግሞ «መንታ አጻጻፍ» እንድንል አሳስባለሁ። «አጻጻፍ» መባሉ ስረዛም እንደ ጽሕፈቱ በሁለቱ ላይ እኩል እንደሚደርስ አንባቢውን ያስጠነቅቃል። በአምስተኛው ደረጃ ግን መንታ የለም። 5 እና 3 በሁለት ዲስኮች ላይ ቢጻፉ ድምራቸው 8 በሦስተኛው ላይ ይመዘገባል እንበል፤ 3 ያለበት ዲስክ ቢሰበር ከ8 ላይ 5 ተቀንሶ ይገኛል። መሣሪያው የሚጠቀምበት ስሌት ከመደመር ቢለይም አሠራሩ ይኸው ነው። ለዚህ ሦስተኛ ቁጥር «ማካካሻ» የሚለው ቃል ያለ ማብራሪያ ይገባል። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ 4 ዲስኮች በዚህ ደረጃ ቢጣመሩ ለጽሑፍ የሚተርፈው 12 ቴራባይት ነው፤ የአንዱ ዲስክ መጠን ለማካካሻ ይውላል።

ለብቻው ለሚቀመጠው ቅጂ የማቀርበው ስያሜ «ተቀማጭ ቅጂ» ነው። «ቅጂ» ከ«ቀዳ» የወጣ ስለ ሆነ ከምንጭ መቅዳትን ያስታውሳል። «ተቀማጭ» ደግሞ ከባንክ ሥራ የታወቀ ነው፤ የዕለቱ ገበያ ቢከስርም ተቀማጩ ባለበት ይቆያል፣ በተፈለገም ጊዜ ወጪ ይሆናል። በየሰዓቱ ወይም በየዕለቱ የሚያዘውንና በራሱ በሰርቨሩ ውስጥ የሚኖረውን ግን ከዚህ ለይቼ «የቅጽበት ይዞታ» እለዋለሁ። «ቅጽበታዊ ምስል» የሚለው ልማድ ፎቶግራፍን ስለሚያሳስብ አልወደድሁትም። የቅጽበት ይዞታ የተሰረዘውን ለመመለስ ይበጃል፤ መሣሪያው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ግን አብሮ ይጠፋል። «ማመሳሰል»ም እንዲሁ ተቀማጭ አይደለም፤ ሁለት ስፍራዎችን አንድ ዓይነት ሲያደርግ ጥፋታቸውንም አንድ ዓይነት ሊያደርገው ይችላል።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1 ከቤት ውጭ የሚል ነው። የመዝገበ ቃላት ታሪካችን ከዚህ የጠበበ ዕድል ነበረው። የግእዙ መዝገበ ቃላት ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ከእርሳቸውም ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በአደራ ተላልፎ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት በቅቷል። ሥራውን ከመጥፋት ያዳነው የተቀባዮቹ ታማኝነት ነበር።

ወደ ምርጫው ስንመለስ፣ ለአንድ ቤት ሁለት ወይም አራት ዲስኮች የሚይዝና ኤሌክትሪክ የማያባክን ሰርቨር ይበቃል። ያገለገለ ኮምፒውተርም ነጻ ፕሮግራም ተጭኖበት ሊሠራ ይችላል። የቦታው መጠን በስሌት ይወሰናል። የአንድ ካርድ ሥዕል 1 ሜጋባይት ቢወስድ 100,000 ካርዶች 100 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ ይህ ብዙ አይደለም። የድምፅና የተንቀሳቃሽ ሥዕል ቅጂ ያለው ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ያስፈልገዋል። «ቴራ» ራሱ አሻሚ መሆኑንም ተርጓሚው ይወቅ። ሻጩ 4 ቴራባይት ሲል 4,000,000,000,000 ባይት ማለቱ ሲሆን፣ በ1,024 የሚቈጥር ኮምፒውተር ይኸንኑ 3.6 ገደማ አድርጎ ያሳያል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለተኛው አቈጣጠር «ቴቢ» የሚለውን ቅድመ ቅጥያ ቢያወጣም በገበያ አልተለመደም።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ዩፒኤስ የግድ ነው። ባትሪው ሰርቨሩን ለሰዓታት እንዲያሠራው አይጠበቅም፤ የጀመረውን ጽሕፈት ጨርሶ በሥርዓት እንዲዘጋ ፋታ ቢሰጠው ይበቃል፤ ለዚህም በገመድ ተገናኝተው የመጥፋቱን ምልክት ሊቀባበሉ ይገባል። (እነሆ «መጠባበቂያ» የሚለው ቃል ያለ አንዳች እክል የሚገባበት ስፍራ።) ሰርቨሩ ከመረብ ማከፋፈያው ጋር በገመድ ይያያዝ። በሰከንድ 110 ሜጋባይት ቢያልፍ እንኳ 4 ቴራባይት ለመቅዳት 10 ሰዓት ያህል ይፈጃልና የመጀመሪያው ቅጂ በሌሊት ቢጀመር ይመረጣል።

በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው አንድ የተለየ እንቅፋት አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በሊኑክስ ሰርቨሮች የተለመደው ኤክስት-4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ በእኛ ፊደል ከ85 አይበልጥም። ዊንዶውስ ግን 255 ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ረዥም የአማርኛ ርእስ የተሰጠው ፋይል በዊንዶውስ ላይ በደኅና ኖሮ ወደ ሰርቨሩ ሲቀዳ ይቀራል፤ ባለቤቱም የስሕተት መዝገቡን ካላነበበ አያውቀውም። «ዓለም» እና «አለም» ተብለው የተሰየሙ ሁለት አቃፊዎችም ለመሣሪያው ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ስሞችን ከመጀመሪያው ማሳጠርና በአንድ ሆሄ መወሰን ይገባል።

የመጨረሻው ሥራ ተቀማጩን አውጥቶ መሞከር ነው። ሌላ ባዶ አቃፊ ተከፍቶ ጥቂት ፋይሎች ከተቀማጩ ይወጡበታል፤ ተከፍተውም ይነበባሉ። ይህን «መመለስ» ብለው የሚተረጕሙ አሉ፤ ነገር ግን «ፋይሉን መለሰ» ሲባል ወደ ነበረበት ቦታ መለሰው ወይስ ወደ ነበረበት ሁኔታ? በቀድሞው ቦታ ላይ ከተመለሰ ዛሬ የተጻፈው ሊደመሰስ ስለሚችል ልዩነቱ ከባድ ነው። በሌላ ስፍራ ሲሆን «ከተቀማጭ ማውጣት»፣ በቀድሞው ላይ ሲሆን «በተቀማጭ መተካት» ብንል ሁለቱ ትእዛዞች በመስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ አይምታቱም። መመሪያውን እንደገና ሳዘጋጅ ያረምሁት በዚህ መሠረት ነው፤ የመጀመሪያውንም ቅጂ ለመምህሩ ሰድጃለሁ።